የቀነዓ ታርጋ

«አካም ኦልተኒ፣ ጋሽ መርዳሳ?» አለች ዲንቄ። የሰላምታዋን መልስ ሳትጠብቅ እጇን በፋብሪካው ጥበቃ ቤት መስኮት አስገብታ አንዲት የነሐስ ታርጋ መዝገቡ ላይ አኖረች።

ዘበኛው መርዳሳ ቁጥሯን አይቶ ክው አለ። 217፤ የባሏ የቀነዓ ናት።

«ከየት አገኘሻት?»

«ትናንት ስንቅ ሳደርስለት ለአጠባ ካወጣልኝ ሱሪ ኪስ ውስጥ።»

ቀነዓ ከታሰረ ወር አልፎታል። ቤቱ ውስጥ ለጸሎት ሰው ሰብስቧል ተብሎ ከሽመና ማሽኑ ላይ ጠርተው ሲወስዱት ታርጋዋ ኪሱ ውስጥ ነበረች። የፋብሪካው ሠራተኛ ሲገባ ታርጋውን ከሰሌዳው ሚስማር አንሥቶ ይይዛል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ሰሌዳውን ካመንን ቀነዓ ዛሬም ከፋብሪካው አልወጣም።

አሁን ግን በሰው ታርጋ የሚገባ በዛ ተብሎ ሁሉም ሊለወጥ ነው። አስተዳዳሪው ጓድ ዘገዬ አዘዋል፦ እያንዳንዱ ራሱ ቀርቦ አሮጌዋን ያስረክብ፤ ፈርሞ አዲሷን ይውሰድ። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ያልፈረመ ሥራውን እንደ ለቀቀ ይቆጠራል። ሥራ የለቀቀ ደግሞ የፋብሪካውን ቤት ያስረክባል። ዲንቄ ሦስት ልጆቿን ይዛ የተቀመጠችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

«ራሱ ካልመጣ አይሆንም ብለዋል፣ ልጄ» አለ መርዳሳ። ብሎት ሲያበቃ አፈረ።

«ቤቱስ ይሁን» አለች። «ታርጋዋን የሰደዳት ተስፋ ቆርጦ ቢሆንስ? አዲሷን ሱሪው ውስጥ ሰፍቼ ልመልስለት። ስሙ እንዳልተሰረዘ ይወቅ።»

መርዳሳ ሰዓቱን አየ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። የቀነዓን ስም ልጻፍለት ቢል የእሱን ትልልቅ ፊደል ጓድ ዘገዬ ከሩቅ ይለዩታል፤ በየቀኑ የሚያነቡት እሱኑ ነው። ይህንንም ፊደል ያስጨበጠው ቀነዓ ነበር፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል፣ እጁን በእጁ ይዞ። መርዳሳ ስሙን የጻፈ ዕለት «ከእንግዲህ ወዲያ ጣቴን ቀለም አልነክርም!» ብሎ ቢፎክር፣ ሠራተኛው ሳምንቱን ሙሉ «ምሁሩ» እያለ ሲስቅበት ከረመ።

መሳቢያውን ስቦ የማኅተም ቀለሙን አወጣ።

«ኧረ ጋሼ!» አለች ዲንቄ ደንግጣ። «ቀነዓ እኮ መጻፍ ይችላል።»

«ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

የቀኝ አውራ ጣቱን ነክሮ ከ217 ትይዩ፣ «ራሱ ቀርቦ ተረክቧል» ከሚለው ሥር ተጫነው። ከዚያ አዲሷን ታርጋ ሰጣት። ዲንቄ መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ሄደች።

ጣቱን በምራቁ ቢያሸው፣ በሱሪው ቢፈትገው ቀለሙ አልለቅ አለ። ጓድ ዘገዬ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። በፊርማና በጣት አሻራ የተሞላውን መዝገብ ላይ ላዩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ሁሉም ቀርቧል?»

«ሁሉም፣ ጓድ።» ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበረች።

«በል አንተም ፈርምና ዝጋው» አሉና ብዕራቸውን ዘረጉለት።

መርዳሳ እጁን አወጣ። አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደብቆ ብዕሩን በሁለት ጣቶቹ መሃል ያዘና ቀነዓ እንዳሳየው ከ«መ» ጀመረ። ፊደሎቹ እንደ መጀመሪያው ቀን ተንጋደዱ።