ሽማግሌው ለምን ይጠብቃል?

«ምታው እንጂ! ምን ይጠብቃል ይሄ ሰውዬ?!»

ጌም ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ...

ጆይስቲኩን የያዘው ቧንቧ ሠራተኛ ግን አልመታም።

ስክሪኑ ላይ ተጋጣሚው ተዘርሯል... አንድ ምት ብቻ ቀርቶታል...

የቧንቧ ሠራተኛው ተደባዳቢ፣ አንድ ባለከዘራ ሽማግሌ፣ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው!

ወዳጆቼ፣ በዚያ የድብድብ ጌም ውስጥ ይሄን ሽማግሌ የሚመርጥ አልነበረም። ሲዘል እንኳ ጉልበቱን ይዞ ነው። «ጡረታ አውጡት!» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ተጋጣሚው ተነሳ... የሽማግሌው ዝምታ አናደደው... ዘሎ ገባ...

ጧ! በከዘራ!

ውድድሩን ሽማግሌው በላ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በሳምንቱ ጌም ቤቱ በሙሉ ሽማግሌ ሆነ። ጢም ያላበቀለው ሁሉ ከዘራ ይዞ ቆመ! መጠበቁንም «ወጥመዱ» ብለው ስም አወጡለት።

ቧንቧ ሠራተኛው አጠገብ ያለው ወንበር ሰው አያጣም።

«ጋሼ፣ ስንት ቆጥረህ ነው የምትመታው?»

«ጋሼ፣ እኔንም አሳየኝ!»

ያሳያል... አጠገቡ የተቀመጠው ተነስቶ እንዳይሄድበት ደጋግሞ ያሳያል...

ግን አንዱ ነቃ። ሽማግሌው ሲቆም እሱም ዝም ብሎ ቆመ... ወጥመዱ ከሸፈ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በየውድድሩ ይወቀጥ ጀመር።

«ድሮም የማይረባ ነው!» ብለው ሌላ መረጡ። ትናንት ለሱ ሲጣሉ የነበሩት ናቸው እኮ!

ወንበሩም ባዶ ቀረ...

ቧንቧ ሠራተኛው ከሥራ መልስ የመሣሪያ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ከማሽኑ ጋር ብቻውን ይጫወታል። ይጥለዋል... ቆሞ ይጠብቀዋል... ማሽን ደግሞ ምን ይገባዋል!

አንድ ቀን «ምታው እንጂ» ብለው ሲጮሁ ከነበሩት አንዱ፣ ለፍላፊው፣ መጣ።

«ጋሼ፣ ወጥመድህ እኮ ተነቅቶበታል። አሁንም ትጠብቃለህ? ወይስ እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«ወጥመድ ነው ማን አለህ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አባቴን ስጠብቅ ነው የለመድኩት... ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው በኋላ ማታ ማታ አብረን እንጫወት ነበር። ጣቱ ቀርፋፋ ነው፤ ከወደቀ ለመነሳት ጊዜ ይፈጅበታል። ቶሎ ከመታሁት ደግሞ ጨዋታው ያልቃል... ካለቀ ‹በል ደህና እደር ልጄ› ብሎኝ ይተኛል... ብቻዬን እቀራለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ... እጄ ለምዶበት ነው።»



ያ ምላሱ የማያርፍ ሰው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳ።

ብዙም ሳይቆይ ተዘረረ። ሽማግሌው ከዘራውን ተደግፎ ቆመ...

«ተነሳ እንጂ!» አለው ቧንቧ ሠራተኛው።

«ምን ያስቸኩልሃል ጋሼ... ገና እየተነሳሁ ነው።»

የሰው ስም ሲወጣ ዘዴውን ለመቅዳት እንጋፋለን... ስሙ ሲወድቅ ወንበሩን ጥለን እንሄዳለን። ሰውየውን ግን ማን ጠየቀው? ሰው ሁልጊዜ ለማሸነፍ ብቻ አይጫወትም፤ አንዳንዱ የሚጫወተው ብቻውን ላለመቅረት ነው።

እስቲ እናንተ... ስትወድቁ ቆሞ የጠበቃችሁ ማን ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። «ማንም» የምትሉም ጻፉ... እዚህ ወንበር አለ።