ለንቦቹ ንገሪያቸው

አምብሮስ ፔል ማክሰኞ ጠዋት ሻዩን ሳይጨርስ ሞተ። ልጁ ሄቲ ቄሱን ለመጥራት የወጣችው ፍንጃሉን አጥባ ቦታው ከመለሰች በኋላ ነው። አላለቀሰችም። ልታለቅስ ሞክራ ነበር፤ እንባው እምቢ አላት።

ኀሙስ ዕለት ወንድሟ ዊልፍ ከለንደን በባቡር መጣ። ገና ኮቱን ሳያወልቅ የመቃብሩን ድንጋይ ነገር አነሳ።

«ከአባባ ስም ስር ትንሽ ቦታ እናስተርፍ» አለ።

«ለማን?»

«ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«እሷ እዚህ አትቀበርም።»

«በሕይወት ካለች ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሄቲ። ጋዜጣ ላይ እናውጅ። ሰምታ ትመጣ ይሆናል።»

«እስከ ዛሬ ያልመጣችው መንገዱ ጠፍቷት ነው?» አለች ሄቲ፣ ድንቿን እየላጠች።

እናታቸው አይቪ ስትሄድ ዊልፍ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሄቲ ደግሞ አሥራ አንድ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፏል።

ሄቲ እናቷን የምታስታውሳት በካፖርቷ ነው። ሰማያዊ ሱፍ ነበር፤ መርከበኛ የሆነው የአይቪ ወንድም የሰጣት፣ መልሕቅ የተቀረጸባቸው አምስት የናስ አዝራሮች ነበሩት። እሑድ ስብከቱ ሲረዝም ሄቲ እናቷ ጉያ ውስጥ ተሸጉጣ አዝራሮቹን ትቆጥር ነበር። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካፖርቱ ከመስቀያው ላይ የለም። አባቷ ወጥ ቤት ተቀምጧል።

«እናታችሁ ሄደች» አላቸው። «ካፖርቷን ለብሳ፣ በኮረብታው መንገድ ወደ ባቡር ጣቢያው። እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ እያየኋት።»

መንደሩ ለጥቂት ቀን አዘነለት፤ ከዚያ ለአይቪ ወንድ ይፈልግላት ጀመር። ቢራ ቤት የሚውሉት ከሰዓት ጠጋኙ ጋር ነው የጠፋችው አሉ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ደግሞ የሱፍ ነጋዴ ነው ብላ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሰውየው ማንም ይሁን ማን፣ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን የተጠራጠረ አልነበረም። አምብሮስ ስለ ሚስቱ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ይህም ይበልጥ አስከበረው። ያን ሰሞን የሠራው የእብድ ሥራ ቢኖር፣ በበጋ አጋማሽ የንብ ቀፎዎቹን ከቤቱ ጀርባ አንስቶ ከአትክልቱ ግርጌ፣ ከፕሪሙ ዛፍ ስር መሬቱን ደልድሎ ማስቀመጡ ነው። ንቦቹ ቤታቸው ጠፍቷቸው አሥር ቀን ሙሉ የድሮው ቦታ ላይ ሲዞሩ ከረሙ። በንብ ያደገ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ሐዘን አጃጅሎት ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ቀፎዎቹን ለማንም አላስነካም። ማሩንም ብቻውን ይቆርጣል።

ሄቲም ከአባቷ ጋር ቀረች። ከማዶ መንደር የመጣ ደግ አናጢ ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ጠይቋት ነበር። ሁለቴም «እኔም ደግሞ ጥዬው ልሂድ?» አለችው። ሦስተኛ አልጠየቃትም፤ ሌላ አገባ። ሠርጉ ዕለት ሄቲ የአባቷን ሸሚዞች ስትተኩስ ዋለች። ቁጭቷን ሁሉ ለእናቷ አስቀመጠችላት፤ ከጊዜ ብዛት እሱም ደነዘዘ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ትሪግ ኬክ ይዘው ብቅ አሉ።

«ለንቦቹ ነገርሻቸው?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«አልነገርኳቸውም፣ ወይዘሮ ትሪግ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ? በይ ተነሺ ልጄ። ቤቱ ውስጥ ሰው መሞቱን ከቤቱ ሰው አፍ ካልሰሙ ወይ ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ ያልቃሉ። አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ቢቀር እንጂ ይሄን አያስቀርም ነበር።»

«ከነገሯቸው ቀብር ይመጣሉ?» አለ ዊልፍ።

«አንተ ከተሜ፣ ኬክህን ብላ።»

ሌላው ቤት ሰው ሲሞት ቀፎው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያስራል። የፔሎች ልማድ ግን ለየት ይላል። ከሟቹ ልብስ ቁራጭ ይቀደድና፣ ዝናብ እንዳይነካው ከትልቁ ቀፎ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በምስማር ይመታል። ሄቲ ይህን ሁለት ጊዜ አይታለች። ሴት አያቷ ሲሞቱ ከጥቁር ሻላቸው፤ ሕፃኑ ወንድሟ ሲሞት ከነጭ መጠቅለያው። ሁለቱንም ጊዜ አባቷ መዶሻውን ሲያነሳ ምስማሩን የምታቀብለው እሷ ነበረች። ከእነሱ ወዲህ፣ እስከዚህ ማክሰኞ ድረስ፣ በዚያ ቤት ሞት አልነበረም።

ከአባቷ ቡኒ ሰደርያ ቁራጭ ቀደደች። መዶሻ፣ አንድ ምስማርና የቤቱን ቁልፍ ይዛ ወረደች። ዊልፍ ከኋላዋ መጣና ንቦቹን ፈርቶ አጥሩ ጋ ቆመ። ፕሪሙ አብቧል። በቁልፉ ቀፎውን ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«አምብሮስ ሞቷል» አለች። «ከእንግዲህ እኔ ነኝ ያለሁት።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ንቦቹ ትንሽ አጉረመረሙና ዝም አሉ።

«ታዲያ ጋዜጣው ላይ ላውጅ?» አለ ዊልፍ ከአጥሩ።

ለሄቲ አሁን ቢሆንም ባይሆንም ግድ አልሰጣትም።

«አውጅ» አለችው። «ትምጣና የሠራችውን ትይ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ክዳኑን አነሳችና ገለበጠችው። የአያቷ ጥቁር ሻል አለ። የሕፃኑ ነጭ መጠቅለያ አለ።

ከእነሱ ቀጥሎ፣ በሦስተኛ ምስማር፣ የናስ አዝራሩ ያልተነቀለለት የሰማያዊ ሱፍ ቁራጭ ተመትቷል።