ስድስት ነጥብ

«የይለፍ ቃሉን ንገሪኝና እኔ ልሞክረው» ይላል አቶ ሥዩም፣ ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ።

«አልነግርዎትም» እለዋለሁ።

ኮምፒዩተሩ ያንኑ ሣጥን መልሶ ይከፍታል። የተጠቃሚ ስሙ ተጽፎ ይመጣል፤ የሚጠይቀኝ የይለፍ ቃሉን ነው። እጽፋለሁ፤ የጻፍኩት በነጥብ ተሸፍኖ ይሰለፋል። «እሺ» የሚለውን ስጫን ድንግ ይልና ሣጥኑ ባዶውን ይመለሳል። ከምሳ ጀምሮ እንዲህ ነን።

ነገሩ የዘር ነው። ባሕር ዳር ያለው ዋናው ቢሮ «የገብስ ዘሩ ለስማዳ ሴቶች ደርሷል ወይ? እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ካልመለሳችሁ ደርሷል ብለን እንዘጋለን» ብሎናል። አቶ ሥዩም የንፋስ መውጫው ቅርንጫፍ ኃላፊ ነው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የቢሮው ኢሜይል በእኔ እጅ ነው። ጠዋት «ደርሷል ብለሽ ላኪ» ሲለኝ «ያልደረሰውን አልጽፍም» አልኩት። «እንግዲያው ክፈችልኝ፣ ራሴ እጽፋለሁ» አለ። ዘሩ የት እንደ ገባ እሱና የመጋዘኑ ቁልፍ ያውቃሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እንደ መመሪያ የያዘ ሰው ነው።

እሱ ያላወቀው፣ እኔ መልሱን ጽፌ ጨርሻለሁ። «አልደረሰም» የሚለው መልእክቴ የወጪ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በር እስኪከፈትለት ይጠብቃል።

በሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ እትዬ አዛለች ተቀምጠዋል። የስማዳ ሴቶች ልከዋቸው ነው የመጡት፤ መልሱን ሳይሰሙ አይመለሱም።

«አንች ልጀ፣ ምንድን ነው የሚልሽ ይኸ ዕቃ?»

«ማን ነሽ ይለኛል፣ እትዬ። ስሜን ብነግረው አላምንም አለ።»

«እኛንስ ማን አመነን? መሬቱ ታርሶ ለስልሶ ቁጭ ብሏል። ዝናቡም ይኸው ገባ።»

አቶ ሥዩም ወደ እሳቸው ዞር አይልም። «ለመሆኑ የይለፍ ቃሉን ምን ብለሽው ነው እንዲህ የምትሸሽጊው?»

«የክርስትና ስሜን።»

ይስቃል። «መተት ያሠሩብኛል ብለሽ?»

«የክርስትና ስሜን የሚያውቁት የነፍስ አባቴና የክርስትና እናቴ ናቸው። እርስዎ ከሁለቱ አንዱንም አይደሉም።»

ሣቁ ይቆማል። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ይዤዋለሁ፤ ከወዲያ ማዶ የዋናው ቢሮ የኮምፒዩተር ባለሙያ ማቴዎስ አለ።

«የይለፍ ቃሉን ስትጽፊ ስንት ነጥብ ይታይሻል?»

«እየቀለድክብኝ ነው?»

«የምሬን ነው። ቁጠሪያቸው።»

ደግሜ እጽፍና እቆጥራለሁ። «ስድስት።»

«የይለፍ ቃልሽስ ስንት ፊደል ነው? ቃሉን እንዳትነግሪኝ፣ ቁጥሩን ብቻ።»

በጣቴ እቆጥራለሁ። «አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ ግማሹ የት ገባ? ዛሬ በአማርኛ የጻፍሽው ነገር አለ?»

ፊቴ ይግላል። እስከ ዛሬ ለዋናው ቢሮ የላክሁት ሁሉ አቶ ሥዩም ያስጻፈኝ እንግሊዝኛ ነው። የዛሬውን ግን እትዬ አዛለች በነገሩኝ አፍ፣ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ኪቦርዱንም ወደ አማርኛ እንዳዞርኩት ረሳሁት። እንግሊዝኛ ሁለት ፊደል የሚፈጅበትን አማርኛ በአንድ ይጨርሰዋል። ነጥብ ደግሞ የየትኛው ፊደል እንደሆነ አይናገርም። ለካ ማሽኑ እምቢተኛ አልነበረም፤ ስሜን በማያውቀው ፊደል ስነግረው ነው የዋልኩት።

ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። ነጥቦቹ ይረዝማሉ።

«‹የይለፍ ቃሌን አስታውስ› የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ፤ ሁለተኛ አያስቸግርሽም» ይላል ማቴዎስ።

«ያስቸግረኝ» እለዋለሁ፣ ምልክቱንም እተወዋለሁ። «እሺ»ን እጫናለሁ።

ድንግ አይልም። የወጪ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል።

«ተከፈተ አይደል? ተነሺልኝ» ይላል አቶ ሥዩም።

«ተልኳል።»

«ምኑ?»

«መልሱ። ‹አልደረሰም› ብዬ ጽፌው ነበር፤ አሁን ሄደ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደስ ይለኛል። እትዬ አዛለች ከአግዳሚው ተነሥተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«ስሕተት ነው ብዬ አሁኑኑ ሌላ እልካለሁ» ይላል፣ ፊቱ ጠቁሮ። «አንቺን ደግሞ ከነገ ጀምሮ እዚህ ቢሮ እንዳላይሽ።»

ፕሮግራሙን እዘጋዋለሁ። ኪቦርዱንም ወደ አማርኛው እመልሰዋለሁ፤ እንደ ነበረ መተው ደንብ ነው። ቦርሳዬን አነሣለሁ።

«እንግዲያው በጸሎትዎ ያስቡኝ፣ አቶ ሥዩም። ወለተ ሥላሴ ነኝ።»

አንድ አፍታ አፍጥጦ ያየኛል። ከዚያ ወንበሬ ላይ ዘፍ ይላል። ስሜን ከሰው የደበቅኩት ክፉ ሰው እንዳያገኘው ነበር። ዛሬ ክፉ ሰው አግኝቶት ምን እንደሚያደርግ ማየት አማረኝ።

ውጭው ንፋስ ነው። ከእትዬ አዛለች ጋር በመስኮቱ ሥር ስናልፍ ድንግ ሲል እንሰማለን። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ድንግ።

እትዬ አዛለች ይቆማሉ። «አሁን ደግሞ እሱን ነው ማን ነህ የሚለው?»

«አዎ፣ እሱን ነው።»

ቆመን እናዳምጣለን።