ሁለተኛው ጉርሻ

እቴነሽ የረቡዕ ምሳዋን፣ የምስር ወጧን በልታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። ቁርጠቱ አላስቀምጥ አላስቆም ቢላት ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ተመላለሰች።

አንጀቷ ተበላሽቶ ሐኪሞች አዲስ የውስጥ ሽፋን ያበቀሉላት ባለፈው መጋቢት ነው። የሽፋኑ ዘር ከራሷ ሕዋስ ቢወሰድም፣ የበቀለው ከባሏ ከግዛቸው አንጀት በተቆረሰ ሥጋ ላይ ነበር። «ሽፋኑን የሚያዘው ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው፤ የእሱን ጠባይ ይይዛል» ሲሏት ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። መዳኗን ብቻ ነበር የፈለገችው።

ግዛቸው ሞቅ ያለ የተልባ ውሃ ይዞላት መጣ።

«ቁርጠቱ አሁን ወደ ግራ ጎንሽ ይዞራል፤ ከዚያ ይለቅሻል። አይዞሽ» አላት።

እንዳለውም ዞረ። እቴነሽ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጾም በመጣ ቁጥር «ምስር አይስማማኝም» ሲላት፣ «ደግሞ ምግብ ማማረጥ ጀመርክ!» ብላ በእጇ ታጎርሰው ነበር። ከዚያም «አንድ ያጣላል» ብላ ትደግመው ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርግህ?» አለችው፣ ዓይኑን ማየት እየፈራች።

«ታዲያ አንቺ እያጎረስሽኝ እምቢ ልበል?» አለ ግዛቸው። «ሁለተኛውን ግን ብትተዪልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»