የሊቀ መንበሩ ሽርሽር

የወይዘሮ የሺአረግን ቤት ሊያጨልም የተነሣው አለበል ነው። አለበል የቀበሌው ሊቀ መንበር፤ ለፋብሪካ ሥራ ከደጋ ወርዶ ባሕር ዳር ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ አገሩን ከአገሬው በላይ አውቃለሁ የሚለው።

ቅዳሜ ጧት የብሔራዊ ውትድርናውን ዝርዝር ለጠፈ። ሦስተኛው ስም ቢያዝን ነበር። ቢያዝን ታንኳ ቀዛፊ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። የወይዘሮ የሺአረግ የልጅ ልጅ ነው፤ ከእሱ በቀር ሰው የላቸውም። አባቱ ምጽዋ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል።

ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ሄዱ።

«ሰኞ ሙት ዓመት አለብኝ። ዳቦውን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስልኝ ይኸው ልጅ ነው። ማክሰኞ ውሰደው።»

«እማማ፣ አብዮቱ ለሙት አይቆምም። ሰኞ ጧት በአንድ ሰዓት እዚህ ይቅረብ።»

«ለሕያውስ መቼ ቆመና!» ብለው ወጡ።

አለበል ሞኝ አልነበረም፤ ሞኝ አለመሆኑንም ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም። ቀዛፊ ልጅ በሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል መሐል ሾልኮ ጎርጎራ እንደሚሻገር፣ ከዚያ ቆላ ድባ ገበያ ገብቶ በእህል ነጋዴ መሐል እንደሚጠፋ ገባው። የቀበሌውን ታንኳ ሁሉ ከውኃ አስወጥቶ ዘብ አቆመበት። እሑድ ማለዳ ደግሞ ወይዘሮ የሺአረግ ደጃፍ አንድ ባለ ጠመንጃ አስቀመጠ።

አሮጊቷንም አልረሳቸውም። ያን ዕለት ከአዲስ አበባ የመጡ ስድስት ጓዶች ሐይቁን ሊጎበኙ ነበርና፣ «የጉማሬውን መዋያ የሚያውቁ እርስዎ ነዎት፤ እንግዶቹን ይመራሉ» አላቸው። ቀኑን ሙሉ ከዓይኑ እንዳይርቁ ነው።

«እመራለሁ። ብቻ እህቴ እማሆይ ወለተ ኪዳን ከሰባታሚት መጥታ ቤቴ ናት። ዓይኗን ታማለች፤ ብርሃን አትችልም። ጀልባችሁ ገዳሙ ካለበት ደሴት ሲደርስ ለጠበል አውርዱልኝ።»

«በሳይንስ ዘመን ጠበል!» ብሎ ሳቀ። ለእንግዶቹም መሳቂያ ትሆናለች ብሎ ፈቀደ።

ዘበኛው ሁለት አሮጊቶች ሲወጡ አየ። አንደኛዋ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ መቋሚያ ተደግፈዋል። «እንደምን አደሩ» ቢል ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«አርምሞ ላይ ናት፤ አታናግራት» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። «ቢያዝንን ወባ ጥሎታል፤ እንዳትቀሰቅሰው። ነገ ለእናንተ ነው የሚፈለገው።»

ጉብኝቱ በእግር ተጀመረ። ጓዶቹ ባርኔጣ ደፍተው፣ ካሜራ አንጠልጥለው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አዘገሙ። ጉማሬው ብቅ ሲል እንደ ሕፃን ጮኹ።

«አፉን ምን አስከፈተው?» አለ አንዱ።

«ጧት ጧት ስብሰባ አለው፤ ንግግር ማድረጉ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። ሰውዬው ሊጽፈው ማስታወሻ ደብተር አወጣ።

ከቀትር በፊት የሞተር ጀልባው ላይ ወጡ። እንግዶቹ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ይዘው ነበር፤ ለወፍ ማያ። አለበል ግን ከእጃቸው ነጥቆ ሻላውንም ዝዩንም ትቶ ታንኳ ታንኳውን ያይ ጀመር። ወደ ሰሜን የሚቀዝፍ አንድ ሰው ሲያይ ዘለለ።

«አዙር! ያውና!»

አዘዘ የሚባለው ሞተረኛ ጀልባውን አዞረ። ግማሽ ሰዓት አባረሩ። ሲደርሱበት ጥርስ የሌለው ሽማግሌ፣ የጫነው እንጨት፣ ከእንጨቱ ላይ አንዲት ዶሮ።

«ደግ አደረግህ። ዶሮዋም ለውትድርና ደርሳለች» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። እማሆይ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ደሴቱ ደረሱ። የገዳሙ አበምኔት አባ ዓምደ ሚካኤል ከወደቡ ቆመው ነበር። አለበል በእንግዶቹ ፊት ጨዋ መባል ፈልጎ እማሆይን እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው።

«የመነኩሲቷ መዳፍ እንዴት ይሻክራል!»

«ስግደት ነው። አንተም ብትሰግድ ይሻክርልህ ነበር» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ ከጀልባው ላይ።

አባ ዓምደ ሚካኤል እማሆይን ከራስ እስከ እግር አዩ። ቀጥሎ ወይዘሮ የሺአረግን አዩ። አማተቡና መንገድ ለቀቁ።

«እርስዎስ አይወርዱም?» አለ አንዱ እንግዳ።

«እናቴም አልረገጠቻት፣ እኔም አልረግጣት።»

«ኩራት ነው» አለ አለበል። የገዳሙን ሕግ የሚያውቀውን አዘዘን ድንገት ሳል ያዘውና ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ።

ጓዶቹ ሥዕሉን አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ተመለሱ።

«እማሆይስ?» አለ አለበል።

«ሱባኤ ገብታለች፤ ሰንበት ትላለች።»

ወደ ማታ ባሕር ዳር ገቡ። አለበል በቀጥታ ዘበኛው ዘንድ ሄደ። «ዝንብ አልወጣም» አለ ዘበኛው። በሩን ከፈቱ፤ ብርድ ልብሱን ገለጡ። አንድ እስር ደንገል ተኝቷል።

የአለበል ፊት አመድ ሆነ። «በየት ወጣ? በታንኳ ነው! ጎርጎራ ደውሉ! ቆላ ድባ ሰው ላኩ!» ወደ አሮጊቷ ዞረ። «የት ደበቁት? አሳስርዎታለሁ!»

«እኔማ ከጧት ጀምሮ ከእጅህ መቼ ወጣሁ? ስድስቱ ጓዶች ምስክሮቼ ናቸው። ጉማሬ እያሳየሁ ነው የዋልሁ።» ብርድ ልብሱን አጠፉ። «ነገ ማልጄ መነሣት አለብኝና በሩን ዝጋልኝ፣ ልጄ።»

በነጋታው ጧት ወይዘሮ የሺአረግ ድፎ ዳቦውን ራሳቸው ተሸክመው፣ ለእህታቸው ለእማሆይ ወለተ ኪዳን የሰባተኛ ዓመት ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።