ጤና አዳም በሁለት አልጋ መሀል

ኢየሩስ ከቆዳ ፋብሪካው ወጥታ ሰበታ ዳር ያለው ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምታየው መስኮቱን ነበር። መስኮቱ ከተከፈተ እማማ ጠጅቱ ዛሬም ሽታ እያስወጡ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ ያልተከፈተበት ቀን የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሆሳዕና መጥታ የምትጠጋበት ዘመድ ስታጣ ቤታቸው ያስገቧት እማማ ጠጅቱ ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ አንድ ክፍልና አንድ ማድቤት ይዘው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። «ቤቴ ሰው ሰው ይሽተት» ብለው ሁለተኛ አልጋ ዘረጉላት። ከሥራ ስትገባ አቅፈው ጉንጯን እያገላበጡ ይስሟታል። እናቷን በልጅነቷ ላጣችው ኢየሩስ ያ መሳም ከእራቱ ይበልጥባት ነበር።

ዓምና ከፋሲካ በኋላ መሳሙ ቀረ።

ኢየሩስ ምክንያቱን አልጠየቀችም። እርጥብ ቆዳ ከኖራ ውስጥ እያወጣ ፀጉሩን ሲፍቅ የሚውል ሰው ምን እንደሚሸት ታውቃለች። ታውቃለች ማለት፣ ሰው ነግሯት ነው። የራሷ አፍንጫ ፋብሪካ በገባች በሦስት ወሯ ደንዝዟል። አንድ ቀን ወተት ጥዳ እዚያው አጠገቡ ልብስ ስትጠቅም አርሮ ጥቁር እስኪሆን አላወቀችም፤ በአጥር በኩል የጮኹት ጎረቤታቸው ኦቦ ጉታ ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ከጎኗ እየተነሳ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ግን ዓይኗ ያያል።

ከእማማ ጠጅቱ አፍ ክፉ ቃል አልወጣም። እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም። በመጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ ከቅርንፉድ ጋር እየቀቀሉ እንፋሎቱን በቤቱ ለቀቁት። ከዚያ ከሰል በሳህን አድርገው አልጋ ሥር ከተቱ፤ ሽታ ይስባል አሉ። ትራሶቹ ውስጥ ጠጅ ሳር ገባ፣ የወለሉ ቄጤማ በየሁለት ቀኑ ይለወጥ ጀመር። በመጨረሻ ጤና አዳም በቆርቆሮ ተክለው በሁለቱ አልጋዎች መሀል አቆሙ። ኢየሩስ ጤና አዳሙን ያየችው እንደ አጥር ነው።

ሰላምታውም ከሩቅ ሆነ። የሚያዝያ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ጋቢያቸውን በግራ ትከሻቸው ጥብቅ አድርገው ያጣፋሉ። በፊት ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር፤ አሁን የእሷን ለብቻ አቅርበው እሳቸው በሩ ጋ፣ ነፋሱ ላይ ይቀመጣሉ። ልብሳቸውን ከእሷ ልብስ ጋር መዘፍዘፍ ትተው ለብቻ እያጠቡ ከጓሮ ያሰጡታል።

«ኢንታላ ኮ» ይሏታል በየማታው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቤቱ ይሸታል?»

ኢየሩስ አንገቷን ትደፋለች። «ኧረ ደህና ነው እማማ። ምንም አይሸትም።»

«ተባረኪ» ይላሉ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው።

የምታስለቅሳት ይህቺ «ተባረኪ» ናት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ገላዋን በሎሚና በጨው እስኪቀላ ፈተገችው። የሥራ ጫማዋን ከአጥር ውጭ ትታ በባዶ እግሯ ትገባ ጀመር። መስኮቱ ግን አልተዘጋም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ስትመለስ የእማማ አልጋ ቦታው ላይ የለም። ማድቤት አገኘችው፤ በማገዶውና በድስቶቹ መሀል ተወትፎ፣ ከሥሩ የከሰሉ ሳህን ተቀምጦ።

«ምነው እማማ?»

«አንቺ በሰፊው ተኚ። እኔን እዚህ ይሞቀኛል።»

«ጣሪያው እኮ ያፈሳል። ዝናቡ ሲመጣስ?»

«ተዪኝ ልጄ» አሉ። ዓይኗን አላዩም።

አሮጊት ሴት ከገዛ ቤታቸው አስወጣሁ ብላ አሰበች ኢየሩስ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ልጠብቅ? በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ «ሱሉልታ ሥራ አግኝቻለሁ» ብላ ዋሸቻቸው። እማማ ጠጅቱ ሊያቅፏት እጃቸውን አንስተው ነበር፤ መልሰው አወረዱት።

«አልፈርድብሽም፣ ኢንታላ ኮ» አሉ።

ውሸቷን እንደተረዱባት ገብቷት አፈረች።

ሱሉልታ ሄዳ ውሸቱን እውነት አደረገችው። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ቀጠሯት፤ ክረምቱን በሙሉ ከአፈርና ከቅጠል ሌላ የነካችው ነገር የለም። አብራት የምትሠራው ቲና በየሳምንቱ እንድታሸትታት ትለምናታለች፤ ቲና ትስቅባታለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ቲና አፍንጫዋን ፀጉሯ ውስጥ አስገብታ «ቅጠል ቅጠል ነው እኮ የምትሸቺው» አለቻት። ኢየሩስ በእሁዱ ራሷ ያፈላችውን ጤና አዳም ይዛ ወደ ሰበታ ተሳፈረች። ዛሬ ይስሙኛል ትል ነበር መንገዱን ሁሉ።

መስኮቱ ተዘግቷል። ከሩቅ ስታየው ደስ አላት።

ቀረብ ስትል በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ኦቦ ጉታ ጥቁር ኮት ለብሰው አጥራቸው ሥር ተቀምጠዋል።

«መጣሽ?» አሏት። «የአዴ ጠጅቱን አርባ ትናንት አወጣን።»

ችግኙን መሬት አስቀመጠች። «ምን… ምን አገኛቸው?»

ኦቦ ጉታ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«የጡታቸው ቁስል ነዋ፤ ከዓምና ፋሲካ ጀምሮ እየሸተተ ያላደረጉለት ነገር የለም፣ ‹ልጅቷ ብዙ ችላኝ ነበር፣ ማድቤት ብገባላትም አልሆነም› እያሉ ነው ያረፉት።»