የሳቢና ድንጋይ

በመንደራቸው ልማድ የአንዲስ ተራራን በረዷማ ጫፍ የሚወጣ ሁሉ ከወንዙ አንድ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። የሌላ ሰው ድንጋይ የሚወሰደው ለሞተ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ለመድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀር ሳቢና ጉልበቷ ከዳትና ቋጥኝ ተደግፋ ተቀመጠች።

«ኒዬቬስ፣ በሞቴ የኔንም አድርሺልኝ።»

«እታለም ደግሞ! ሞትሽ እንዴ?» አለች ታናሿ፤ እየሳቀች ድንጋዩን ተቀበለቻት።

ጫፉ ላይ ሁለቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቁልቁል ስታይ ሳቢና እጇን ታወዛውዝላት ነበር።

ሃያ እርምጃ እንደወረደች፣ ከበስተኋላዋ፣ ከድንጋዮቹ ዘንድ፣ የእህቷ ድምፅ ተሰማ።

«ቀስ በይ እንጂ! አብረን እንውረድ።»

ኒዬቬስ አልዞረችም። ዓይኗን ከቋጥኙ አልነቀለችም። ሳቢና እዚያው እንደተቀመጠች ናት። ነፋሱ ባርኔጣዋን ከራሷ ላይ ገፎ ቁልቁል ሲያንከባልለው እጇ አልተነሳም።